ገቢዎች ላይቀበለን የሚችለውን ወጪ እንዴት ልመዝግበው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የአንድ አምራች ድርጅት ሂሳብ እይዛለሁ። ኦዲተሮቹ ሰኔ 30 የተዘጋውን ዓመት ሲያዩ ሁለት ወጪ ላይ ቆሙ። አንዱ ደረሰኝ የሌለው 1 ሚሊዮን ብር የጭነት ክፍያ ነው፤ ሌላው በዓመቱ መጀመሪያ ለማሽን ጥገና የወጣ 3 ሚሊዮን ብር። ሁለቱንም በግብር ማስታወቂያችን ላይ ሙሉ ወጪ አድርገናል። ሥራ አስኪያጁ «ገቢዎች ሳይመረምረን ለምን ዕዳ እንመዘግባለን?» ይላል። ምን ልመልስለት?

የኦዲት ልጅ፦ እህቴ፣ መልሱ አይፍሪክ 23 (ገቢዎች መቀበሉ የሚያጠራጥር የግብር አያያዝ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚናገረው ዓለም አቀፍ የሂሳብ መመሪያ) ላይ አለ። የገቢዎች መርማሪ እንደሚመጣና መረጃውን ሁሉ እንደሚያውቅ አድርገሽ ነው የምታሰቢው። «ላይደርሱብን ይችላሉ» የሚለው ግምት ውስጥ አይገባም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሁሉን አይቶ የመቀበል ዕድሉ ያመዝናል ወይስ አያመዝንም? ደረሰኝ የሌለውን አይቀበልም፤ ስለዚህ በድርጅት የትርፍ ግብር ልክ 30% ማለትም 300,000 ብር የግብር ዕዳ ያዢ። የጥገናውም እንደዚያው፣ 900,000።

ሂሳብ ሹም፦ በጭነቱ እስማማለሁ፤ በጥገናው ግን አይደለም። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ገቢዎች «ይህ የማሽኑን ዕድሜ ያራዘመ ካፒታል ወጪ ነው» ቢል፣ 3 ሚሊዮኑን ጨርሶ አይጥለውም፤ በእርጅና ቅናሽ እየከፋፈለ ይሰጣችኋል። በገቢ ግብር ደንብ 410/2009 መሠረት በቀጥታ መስመር (በየዓመቱ እኩል) 15% ብንወስድ የዘንድሮው 450,000 ነው። ዘንድሮ ውድቅ የሚሆነው 2,550,000፣ ግብሩ 765,000 ብር ይሆናል። ያው 2,550,000 በሚቀጥሉት ዓመታት ስለሚቀነስላችሁ ደግሞ 765,000 ብር የዲፈርድ ታክስ ንብረት (ወደፊት ግብር የሚያቀንስልን መብት) ይመዘገባል። የዘንድሮን ትርፍ አይነካም። የጭነቱ 300,000 ግን የሚመለስበት ዓመት የለውም፣ በቀጥታ ትርፍን ይቀንሳል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማስገባት የድርጅቱን ውጤት ያዛባል፣ እባክሽ ለይተሽ ሥሪው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የዲፈርዱን ንብረት ለመያዝ የሚጠየቅ ነገር አለ?

ሂሳብ ሹም፦ አዎ፣ ወደፊት የሚቀነስበት ግብር የሚከፈልበት ትርፍ እንደሚኖራችሁ ማሳየት አለባችሁ። ከሌላ ማሽን የመጣ የዲፈርድ ዕዳ (ወደፊት የሚከፈል ግብር) ካላችሁና የሚመለስበት ጊዜ ከተገጣጠመ እሱም ይረዳል። በተከታታይ የከሰረ ድርጅት ከሆነ ኦዲተሩ በቀላሉ አይቀበልም።

የግብር አማካሪ፦ አንድ ልጨምር። የጥገናው ጉዳይ ገና አልተፈረደም። የሥራ ትዕዛዙን፣ የተቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝርና የቴክኒክ ክፍሉን ማስታወሻ ሰብስቢ። ማሽኑን ወደነበረበት ከመመለስ ያላለፈ መሆኑን ካሳየ፣ የመቀበል ዕድሉ ሊያመዝን ይችላል፤ ያኔ ምንም ዕዳ አትይዢም። የመርማሪው ውሳኔ ሲደርሳችሁ ግን ግምቱን እንደገና ማየት ግዴታ ነው። ቅጣትና ወለድን በተመለከተ አይፍሪክ 23 በቀጥታ አይናገርም። ራሱ የገቢ ግብር ከሆነ በአይኤኤስ 12 (የገቢ ግብር የሂሳብ ደረጃ)፣ ካልሆነ በአይኤኤስ 37 (መጠኑ ወይም ጊዜው ያልተረጋገጠ ዕዳ ደረጃ) ይስተናገዳል። ይህ በክፍያው ባሕርይ እንጂ በምርጫ አይወሰንም፤ ከዓመት ዓመትም አትቀያይሩት።