በጥር ጣና ዳር ወፍ ለማየት ሰዓቱን በምን እንምረጥ?

ደንገል

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር የመጀመሪያው ሳምንት አራት ሆነን ለ3 ቀን ከባሕር ዳር እየተነሳን የጣናን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ልናይ ነው። ዋናው ዓላማችን ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ደለል ነው። ያለን ሁለት 8×42 ባይናኩላር፣ አንድ 10×50 እና ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያጎላ ባለ 65 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ነው።

ያገኘነው መመሪያ ሁሉ የተጻፈው ለአውሮፓ ባሕር ዳርቻ፣ ወንዝ ከባሕር ለሚገናኝበት ቦታ ነው። «የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ተመልከት፤ ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቦታህን ያዝ» ይላል። ጣና ላይ ይህ የለም። ታዲያ ምን አይተን ሰዓት እንምረጥ? ከየት ሆነን እንይ? በጀልባ ይሻላል በእግር? ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ትልልቅ ወፎችም መቁጠር እንፈልጋለን።

ባሕር ሸሽ

መመሪያው አልተሳሳተም፣ የተጻፈው ለሌላ ውኃ ነው። እዚያ ጭቃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸፈናል፣ ሁለት ጊዜ ይገለጣል። ውኃው ሲሞላ ወፎቹ ወደ ዳር ይገፋሉ፤ ተመልካቹም ያንን ጠብቆ ይቆማል። የጣና ሙላትና ጉድለት ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። መስከረም አካባቢ ይሞላና እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየጎደለ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ እንደ ግልገል ዓባይ አፍ ባለ ጠፍጣፋ ደለል ላይ ግን ውኃው ብዙ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው መሬት ይኸው ነው።

ስለዚህ ዓምና በጥር የተቆመበት ቦታ ዘንድሮም ይሠራል ብላችሁ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግድብ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ለጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሚወሰደው ውኃ የሐይቁን ከፍታ ይነካሉ። የክረምቱ ዝናብ መጠንም አለ። በመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገር ሳትጀምሩ የዘንድሮው የውኃ ጠርዝ የት እንደደረሰ እዩ።

ጠርዙን ካገኛችሁ በኋላ ወፉን በጥልቀት ፈልጉት። ጭቃው ገና በሚያብለጨልጭበት፣ ውኃው እንደ ላብ ብቻ በቀረበት ቦታ ትንሿ ስቲንት ትሮጣለች፤ ምንቃሯ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ከዚያ ጠልቃ መውጋት አትችልም። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካ ራፍ ትመጣለች። ሆዱ እስኪነካ ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ጭምር ነክሮ የሚወጋው ባለ ጥቁር ጭራው ጎድዊት ነው፤ ምንቃሩ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እግሯና ምንቃሯ የሚበቃትን ያህል ገብታ የምትቆም ወፍ ጥልቀቱን ትነግራችኋለች። ጭቃው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን እነዚህ የሉም፤ እዚያ የሚቀሩት ባለ ሹል ክንፏ ላፕዊንግና ቢጫዎቹ ዋግቴሎች ናቸው።

የቀኑን ሰዓት የሚወስነው ነፋስ ነው። ጠዋት ሐይቁ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ከውኃው ወደ ዳር ይነፍስና ደቡቡን ዳርቻ ማዕበል ይመታዋል። ያን ጊዜ ዳክዬዎቹ ሜዳውን ለቀው ከደንገሉና ከፊላው ጀርባ፣ ነፋስ ወደማይደርስባቸው ጓዳዎች ይገባሉ። እነሱን ፍለጋ ወደ ሐይቁ መሀል ማየት ትርፉ ዓይን ማድከም ነው።

ብርሃንም አለ። ከደቡብ ዳርቻ ስታዩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ በደቡብ በኩል ስለምትዞር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ከጀርባችሁ ናት። በምዕራቡ፣ በቁንዝላ በኩል፣ ጠዋት ስትቆሙ ግን ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ቁንዝላን ለ10 ሰዓትና ከዚያ በኋላ አቆዩት። መንገዱ ከዱርቤቴ ይገባል።

ጨፌ ዳር

ባሕር ሸሽ በጻፈው ላይ አንድ የቃል ነገር ልጨምር፤ ሰውን ሲያሳስት አያለሁ። የአውሮፓው መጽሐፍ «የክረምት ላባ» ሲል የእነሱን ክረምት ማለቱ ነው፤ እኛ ያን ጊዜ በጋ ላይ ነን። የእኛ ክረምት ሲሆን አብዛኞቹ እንግዳ ወፎች ሰሜን ሄደው ይፈለፍላሉ። ከመስከረም ጀምሮ ይመጣሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ በጥር የምታዩት ራፍ በሥዕል የምታውቁት ባለ ትልቅ አንገትጌ ጎረምሳ አይደለም፤ ግራጫና ቡኒ፣ ጀርባው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ፣ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ወፍ ነው። ወንዱ ከሴቷ በግልጽ ስለሚበልጥ አንድ መንጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወፍ ያለ ይመስላል። ሁለት ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ዳክዬዎቹን በአበላላቸው መለየት ይቀላል። ሾቭለር ምንቃሩ እንደ ማንኪያ ሰፊ ነው፤ ብዙ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ ክብ እየዞሩ ውኃውን ያጣራሉ። ከሩቅ ቀለሙ ባይታይ እንኳ ክቡ ይታያል። ፒንቴል አንገቱ ረጅም ስለሆነ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ሌሎቹ የማይደርሱበትን ሥር ይለቅማል። ጋርጋኒ ትንሽ ናት፤ የሴቷ ፊት ላይ ያሉትን ጥቁርና ነጣ ያሉ ሰረዞች እዩ።

ስለ መሣሪያው። 8×42ቱን አትናቁት። 42ን ለ8 ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለንጋትና ለምሽት በቂ ነው። 10×50ው 5 ሚሊ ሜትር ስለሚሰጥ በብርሃን ከእሱ አይሻልም፣ ግን ይከብዳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም የበለጠ ያሳያል። ጀልባ ላይ 8ቱን ብቻ ያዙ። ቴሌስኮፑን 60 ላይ አታድርጉት፤ 65 ለ60 ሲካፈል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ምስሉ ይጨልማል። ከ20 እስከ 30 ባለው ሥሩ። ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ከጭቃው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን እንደ እሳት ወላፈን ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ ሰው ሌንሱ የተበላሸ ይመስለውና መፍታት ይጀምራል። ሌንሱ ደህና ነው፣ አየሩ ነው፤ ማጉያውን ቀንሱ፣ ወይም እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ዕረፉ።

ትራይፖዱን ለስላሳ ጭቃ ላይ ከነእግሩ አታቁሙት፣ ቀስ እያለ ይሰምጥና አግድሞ ይወድቃል። ከሦስቱም እግሮች ሥር የጀሪካን ክዳን ወይም ጠፍጣፋ እንጨት ይበቃል።

የወተት ዓባይ

ስለ ጀልባው ልናገር። ከባሕር ዳር የሞተር ጀልባ ይገኛል፤ በከተራና በጥምቀት፣ ማለት ጥር 10 እና 11፣ ግን ሁሉም በበዓሉ ተይዞ ስለሚውል ጉዟችሁ እስከዚያ ከዘገየ እነዚያን ቀናት ለእግር ጉዞ ተዉአቸው። ባለ ጀልባውን አስቀድማችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር ነው፦ ወፉ ከታየ በ200 ሜትር ርቀት ሞተሩን ያጥፋና በመቅዘፊያ ወይም በነፋሱ ይጠጋ። ብዙዎቹ ለቱሪስት ደስ ይለዋል ብለው በቀጥታ ይነዱበታል፤ መንጋው ይነሳል፣ ሌላ ቦታ ያርፋል፣ እናንተም ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ።

ታንኳ ዝም ስለሚል ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ለደንገሉ ጠርዝ እውነት ነው። ጃካናዋ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ በቅጠል ላይ ስትሄድ፣ ጥቁሯ ክሬክ ከፊላው ሥር ብቅ ስትል በሞተር አታዩአትም። ግን ታንኳ ከታች ውኃ ያስገባል፤ የተቀመጣችሁበት ይረጥባል። መሣሪያው አፉ በሚገጥም ላስቲክ ውስጥ ይሁን፣ የሕይወት ጃኬት ይኑር፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ ወደ ዳር ውጡ። ረጅሙን ርቀት በታንኳ አታስቡት።

በእግር ስትሄዱ የከብት ኮቴ ያለበትን ተከተሉ። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ ጭቃ ከሥሩ ማጥ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙ አጠገብ ደግሞ የባሰ ነው። ዱላ ይዛችሁ ከመርገጣችሁ በፊት ውጉት፤ ዱላው ያለ ችግር ክንድ ያህል ከገባ ተመለሱ። በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትግቡ፣ ጣና ቢልሃርዝያ አለበት፤ የላስቲክ ቦቲ አድርጉ። ማታ ለወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር ያስፈልጋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣልና በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ።

ባሕር ሸሹ የሰው እርሻ ነው። ሽምብራና ጓያ የተዘራበት ስለሆነ በድንበሩ እንጂ በመሀሉ አትሂዱ፤ ገበሬው ካለ «እንዴት ዋላችሁ» ብላችሁ አስፈቅዱ። ክሬኑ ዛሬ የት እንደዋለ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወፎቹ ገበሬውንና ከብቱን ለምደዋል። የማይለምዱት ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ የሚመጣውን ሰው ነው። በሰያፍ ሂዱ፤ አንገታቸውን ቀና ቀና ሲያደርጉ ቁሙ፣ ካልተዉ 20 እርምጃ ወደ ኋላ።

መነጽርና ካሜራ ወደ ድልድይ፣ ወደ ግድብ፣ ወደ ጥበቃ አታዙሩ። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ቀበሌውንም አሳውቁ።

ደንገል

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተስተካከለልን። ክሬኖቹ ላይ አልደረሳችሁም። ቀን እርሻ ላይ ተበትነው እያሉ እንቁጠር ወይስ ማታ ሲሰበሰቡ? ደግሞ ሦስቱ ዓይነት በአንድ ቦታ ቢገኙ በምሽት ብርሃን እንዴት ይለያሉ?

ባሕር ሸሽ

ማታ። ቀን ታጭዶ በተነሳ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ለመልቀም ይበተናሉ፤ አንዱን መንጋ ከሁለት ማሳ ሁለት ጊዜ ለመቁጠር ቀላል ነው። ሌሊት ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ስለሚያድሩ ወደዚያ ሲገቡ በአንድ በር እንደሚገባ ገበያተኛ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ምሽት አትቁጠሩ፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ ብቻ እዩ። በሁለተኛው ለሁለት ተከፈሉና ሁለት አቅጣጫ ያዙ፣ ከሚያድሩበት ቢያንስ 500 ሜትር ራቁ። ፀሐይ ከመጥለቋ 1 ሰዓት ቀድማችሁ ተቀመጡና ዓይን እስኪያቅተው ቆዩ። የስልካችሁን ሰዓት አመሳስሉ፤ በየ15 ደቂቃው አዲስ መስመር ጻፉ፦ ስንት፣ ከየት፣ ወደ የት። ኋላ ሁለቱ ቡድን ያየው አንድ መንጋ ከሆነ በሰዓቱና በአቅጣጫው ይታወቃል።

ትልቅ መንጋ ሲመጣ 10 ወፍ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ 10ሩ ሰማዩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ አስተውሉ፣ ያንን መጠን በመንጋው ላይ ደጋግማችሁ አስቀምጡ። ከፊት ጀምሩ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይጻፉ። አንዱ «ሁለት መቶ ይሆናል» ብሎ ጮክ ካለ ሌላው ሳያውቀው ሁለት መቶ ይጽፋል።

ጠዋት ማረጋገጥ ይቻላል። በጥር አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12 ሰዓት ከ50 አካባቢ ነው፤ በ12 ሰዓት ቦታችሁ ላይ ሁኑ። ከብርዱ የተነሳ ሌንስ ላይ እስትንፋስ ስለሚያርፍ አፋችሁን በጋቢ ሸፍኑ።

ጨፌ ዳር

መለያውን እኔ ልመልስ። ከሰሜን የሚመጣው ተራው ክሬን ግራጫ ነው፤ አንገቱ ጥቁርና ነጭ። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን የእኛው ነዋሪ ነው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ያለው ሰፊ ነጭ ከሩቅ ያሳብቀዋል። ዛፍ ላይ የቆመ ክሬን ካያችሁ ያለ ጥርጥር ባለ ዘውዱ ነው፤ የኋላ ጣቱ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል፣ ሌሎቹ አይችሉም። ሦስተኛው ዋትልድ ክሬን ከሁለቱም ይበልጣል፤ አንገቱ ነጭ ሆኖ ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለ ሥጋ አለው። እሱን በመንጋ አትጠብቁት፤ ጥንድ ወይም ቤተሰብ ብቻ ካያችሁ ለየብቻ ጻፉ።

ግራጫው ሽመላ መሳይ ሄሮን እንዳያታልላችሁ። ሄሮን ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል፤ ክሬን ዘርግቶ ይበራል። ጥላ ብቻ ቢታይ እንኳ ይህ አይጠፋም።

ተራዎቹን ክሬኖች ቀን ማሳ ላይ ስታገኙ ጫጩቶቹን ለዩ። የዓመቱ ልጅ ጭንቅላቱ ቡኒ ነው፣ ጥቁርና ነጩ ገና አልወጣም፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ትልልቆች መካከል አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይውላል። ከ100 ስንቱ ልጅ እንደሆነ ከጻፋችሁ ከጠቅላላው ቁጥር ያላነሰ ጥቅም አለው። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በጃንዋሪ አጋማሽ፣ በእኛ ጥር መጀመሪያ ስለሚደረግ ቀናችሁ ገጥሟል፤ ውጤቱን ኢበርድ ላይ፣ ማለት የወፍ መዝገብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ስታስገቡ የማደሪያውን ቆጠራና የማሳውን ቆጠራ በሁለት ዝርዝር ለያይታችሁ አስገቡ።

የወተት ዓባይ

ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ካልተኛ ወይም ወደ ግልገል ዓባይ ደለል መሄድ ካልሆነላችሁ መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ፤ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአስፋልት። ውኃው ትንሽ ስለሆነ በቴሌስኮፑ ከአንድ ቦታ ብዙውን ታዩታላችሁ። ግድቡን ራሱን ፎቶ አታንሱ፣ ወደ ላይኛው ጥልቀት ወደሌለው ጫፍ ሂዱ፤ ዳክዬውም ራፉም እዚያ ነው። የመስኖ ማሳዎቹ ገና ውኃ የተለቀቀባቸው ከሆኑ ደግሞ ከመኪና ሳትወርዱ እዩአቸው።