አስቸኳይ፦ የ«ሶተስ» የአማርኛ ሰብታይትል ቴሌቪዥን ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ይሆንብኛል

ሮዝ ወተት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ጓደኞቼ የታይላንዱን ተከታታይ ድራማ «ሶተስ»ን አብረውኝ ሊያዩ ቤቴ ይመጣሉ። አንዷ እንግሊዝኛ ስለማታነብ የመጀመሪያውን ክፍል ሰብታይትል ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። አሁን በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ስከፍተው ምስሉና ድምፁ ደህና ሆኖ ሳለ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ቢኤል ድራማ (የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚያሳይ ድራማ) ለሚጀምር ሰው ከ«ሶተስ» የተሻለ መግቢያ የለም ብዬ ስለማምን በሌላ ልተካው አልፈልግም። እባካችሁ የምታውቁትን በቶሎ ንገሩኝ።

የበረንዳ ዝናብ

ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የማንኛውም ቋንቋ ፊደል በፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት የኮድ ዓይነት) አስቀምጪውና ሞክሪ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የቆየ ተመልካች

እህቴ፣ ስለ ፋይሉ ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ የማልስማማው «የተሻለ መግቢያ የለም» ባልሽው ነው። «ሶተስ» እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ለታይላንድ ቢኤል ሰፊ በር መክፈቱን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ከእሱ በፊት በ2014 «ላቭ ሲክ» ነበረ፤ ከእሱም በኋላ ዘርፉ ብዙ ተለውጧል። በ«ሶተስ» የመጀመሪያ ክፍል አዲስ ገቢው ተማሪ ኮንግፖብ በሰው ሁሉ ፊት ነባሩን ተማሪ አርቲትን «ሚስቴ አደርግሃለሁ» ይለዋል። ለዘርፉ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ከሁለት ወንዶች መካከል አንዱ የግድ ሚስት መሆን አለበት የሚለው የቆየ አስተሳሰብ የድራማው መልእክት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው ሌላው የታይላንድ ድራማ «ባድ በዲ» ግን ቤተሰቦቻቸው ተቃቅረው በጉርብትና የሚኖሩ ሁለት እኩያ ወጣቶችን ያሳያል፤ ማንም የማንም የበላይ አይደለም። በአምስተኛው ክፍል መጨረሻ ጣሪያው ላይ የሚሆነው ነገር የሚከብደውም ሁለቱ እስከዚያ ድረስ በእኩልነት ሲፎካከሩ ስለቆዩ ነው። እኔ ብሆን ጓደኞቼን በዚያ እጀምራለሁ።

ሮዝ ወተት (ጠያቂ)

ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አሁን አረጋግጫለሁ፤ ስልኬም ላይ በደንብ ይነበባል። የቆየ ተመልካች፣ ስለዚያ ንግግር ያሉት እውነት ነው፤ ስተረጉመውም ተጨንቄበታለሁ። ነገር ግን «ሶተስ» ስለ የበላይነት የሚናገር ታሪክ ነው። ስሙ ራሱ ቀደምትነት፣ ሥርዓት፣ ወግ፣ አንድነትና መንፈስ ከሚሉት አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው፤ የታይላንድ ነባር ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን የሚገሩበት ልማድ መጠሪያ ነው። አርቲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የዚያ ሥርዓት አስከባሪዎች አለቃ ሆኖ ይጮኻል፣ ይቀጣል፤ ኮንግፖብ ያን የዛቻ ንግግር የሚመልስለትም ለዚህ ነው። የሚጮኸው ሰው ቀስ በቀስ የሚጮኽበትን ምክንያት ሲጠይቅ ማየት ለእኔ ከፍቅሩ እኩል ዋጋ አለው፤ 15 ክፍል የፈጀውም ይህ ለውጥ በችኮላ ስለማይሆን ነው።

ቃል ለቃል

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮንግፖብ ከአርቲት ስም በፊት የሚጨምራትን «ፒ» እንዴት ተረጎምሻት? በታይኛ ለታላቅ የሚባል የአክብሮት ቃል ነው፤ ታናሹ ደግሞ «ኖንግ» ይባላል። «ወንድም ጋሼ» ካልሽ የቤተሰብ ሽታ ያመጣል፤ «ጋሼ» ብቻውን ደግሞ ወጣቱን ልጅ ያስረጀዋል።

ሮዝ ወተት (ጠያቂ)

መጀመሪያ «እርስዎ» እያለ እንዲያናግረው አድርጌ በኋላ ሲዋደዱ ወደ «አንተ» ላዞረው አስቤያለሁ። አማርኛ ይህን ዕድል ስለሚሰጥ ልጠቀምበት ብዬ ነው። አሁን ግን እባካችሁ ሳጥኑን!

ቃል ለቃል

ሐሳቡ ያምራል፤ ታሪኩን ግን ይቃረናል። ኮንግፖብ ከተዋደዱ በኋላም፣ አርቲት ተመርቆ ሥራ በያዘበት በሁለተኛው ምዕራፍ እንኳ፣ «ፒ አርቲት» ማለቱን አይተውም። ቃሉ ጅማሬው ላይ የግዴታ ነበር፣ በኋላ የምርጫ ሆነ፤ ድምፁ ሳይለወጥ ትርጉሙ መለወጡ ነው ውበቱ። ወደ «አንተ» ካዞርሽው ተመልካቹ ክብሩ የቀረ ይመስለዋል። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ፍሬሽ» እና «ሲኒየር» ስለሚሉ በግቢው ትዕይንቶች ላይ «ሲኒየር አርቲት» ቢባል ማንም ይረዳዋል። እኔ ግን «ፒ»ን እንዳለች ትቼ መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር አብራራት ነበር።

ሐሙስ ማታ

ዩቲኤፍ-8 አድርገሽ አስቀምጪው፤ ለእኔ ሠርቷል።

ቀይ ሽሮፕ

የተጠቃሚ ስምሽን ስላየሁ ደስ ብሎኛል፤ አርቲት የሚወደውን ሮዝ ወተት ለእንግዶችሽ በቀይ ሽሮፕ፣ በወተትና በበረዶ አዘጋጂላቸው፤ ድራማው ያኔ ይጣፍጣል። ሳጥኑን በተመለከተ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የሚሉሽን ተያቸው። ፋይሉ የተቀመጠበት መንገድ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ የምታዪው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ወይም የጥያቄ ምልክት ነበር። ባዶ ሳጥን ማለት ግን መሣሪያው ፊደሉን ለይቶታል፣ የሚስልበት የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጾች ስብስብ) ግን የለውም ማለት ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ፎንት መጨመር አይቻልም። ላፕቶፕ ካለሽ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኚውና በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ክፈቺው፤ በሰብታይትል ምርጫው ውስጥ «ናይላ» ወይም «ኢብሪማ» የሚለውን ፎንት ምረጪ። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ጽሑፉን «ሃንድብሬክ» በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ከምስሉ ጋር አትመሽ ብታስቀምጪው በየትኛውም ቴሌቪዥን ላይ ይታያል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ለዛሬ አይደርስም።

የቆየ ተመልካች

ሊመሽ ስለሆነ አማራጭ ልስጥ፦ ካልተሳካልሽ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የጃፓኑን «ቼሪ ማጂክ» አሳዪያቸው። 30 ዓመት ሲሞላው የነካውን ሰው ሐሳብ መስማት የሚጀምር አዳቺ የሚባል ዓይን አፋር የቢሮ ሠራተኛ ታሪክ ነው፤ ክፍሎቹ አጫጭር ስለሆኑ አጠገቧ ተቀምጠሽ እየተረጎምሽላት ማየት ትችላላችሁ። የሚወደው የሥራ ባልደረባው ኩሮሳዋ ጸጥ ብሎ ቆሞ በውስጡ የሚያስበውን አዳቺ ሲሰማ፣ መወደድን ለማመን ለሚቸገር ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ በጥቂት ደቂቃ ይገባሻል።

ሮዝ ወተት (ጠያቂ)

ቀይ ሽሮፕ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ገመዱን ከጎረቤት ተውሼ አገናኘሁት፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። ቪዲዮው በአራት ቁራጭ የተከፈለ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ሁሉም ልክ ነው፣ በሁለተኛው ላይ ግን ጽሑፉ ጨርሶ አይመጣም። እንግዶቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳሉ።

ቀይ ሽሮፕ

የሰብታይትሉን ሰዓት ሳታቋርጪ ከመጀመሪያው ቁራጭ ስላስቀጠልሽው ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ የቪዲዮ ቁራጭ ግን ከዜሮ ይጀምራል። በቪኤልሲ ውስጥ የሰብታይትል ማስተካከያውን ክፈቺና የመጀመሪያውን ቁራጭ ርዝመት በሰከንድ ቀይረሽ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገሽ አስገቢ። ለምሳሌ 12 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከሆነ ከዜሮ በታች 735 ይሆናል። ለሦስተኛው ቁራጭ የሁለቱን ድምር፣ ለአራተኛው የሦስቱን ድምር ታስገቢያለሽ። ቁጥሮቹን አሁኑኑ በወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ካለ ደግሞ «ጂ» እና «ኤች» የሚሉትን ቁልፎች እየነካሽ ታስተካክይዋለሽ።

ቃል ለቃል

ከተሳካልሽ ጓደኛሽ «ፒ» የምትለዋን ስትሰማ ምን እንደተሰማት ጠይቂያትና ንገሪን። ለሁለተኛው ክፍል ትርጉም ከፈለግሽ ግማሹን እኔ እወስዳለሁ።