ኢሴ ጂንጉን ከናጎያ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፦ እናት ጉልበት ያማቸዋል፣ ዕለቱም ረቡዕ ነው

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከእናቴ ጋር ናጎያ እንሆናለን፤ አንዱን ረቡዕ ለኢሴ ጂንጉ፣ ለትልቁ የጃፓን የሺንቶ እምነት መቅደስ፣ መድበናል። ጄአር ፓስ (በጄአር ኩባንያ ባቡሮች ለተወሰኑ ቀናት የሚያስኬድ ቲኬት) አለን። ሄደው ካዩት ግማሹ «መንፈስ ያሳርፋል»፣ ግማሹ «አጥር አይተን ተመለስን» ይላሉ። ምኑ ነው የሚታየው? እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ይጾማሉም። ክርስቲያን ቢገባስ ችግር አለው?

ሐዲዱ፦
ፓሱ ኪንቴትሱ በሚባለው የሌላ ኩባንያ ባቡር ላይ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የኪንቴትሱ ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ለመሄጃ ብቻ ወደ 3,000 የን ነው፤ ከመደበኛው ቲኬት ሌላ የፈጣን ባቡር ቲኬት ይቆረጣል። በፓሱ ከሆነ «ሚኤ» የሚባለውን የጄአር ባቡር ያዙና ኢሴሺ ጣቢያ ውረዱ። መሀል ላይ ያለው ሐዲድ የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ቲኬት ተቆጣጣሪው ከያንዳንዳችሁ 500 የን ገደማ ይቀበላል። ቅጣት እንዳይመስላችሁ።

ጠጠር፦
በልማዱ መጀመሪያ ውጨኛው መቅደስ ጌኩ፣ ቀጥሎ ውስጠኛው ናይኩ ነው። ጌኩ ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ 51 ወይም 55 ቁጥር አውቶቡስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ናይኩ ያደርሳችኋል። ጌኩ ውስጥ ግራውን፣ ናይኩ ውስጥ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ።

መንገዱ ወፍራም ጠጠር ነው። የሻንጣ ጎማ ይሰምጣል፣ ስለዚህ ሻንጣ ጣቢያው ሎከር ውስጥ ይቅር። እናትህ ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ያድርጉ፤ ሁለቱም መግቢያ ላይ በነፃ የሚዋስ ዊልቸር አለ። ጌኩ ውስጥ ያለውን ታካኖሚያ የሚባል ትንሽ መቅደስ ይተዉት፣ 98 የድንጋይ ደረጃ ነው። ናይኩም ዋናው መቅደስ ፊት ደረጃ አለ፤ ከታች ሆነው ቢያዩ ብዙ አይቀርባቸውም። የኢሱዙ ወንዝ ዳርቻ ላይ ግን አረፍ ይበሉ።

አናጢው፦
ቀይ በር የሚጠብቅ ሰው ማዘኑ አይቀርም። እዚህ ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ያልተቀባ የጃፓን ጥድ ነው፤ ዋናው ሕንፃም በአራት አጥር ተከልሏል። መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ በየ20 ዓመቱ ጎን ለጎን ባለው ቦታ ላይ አዲስ ይሠራና አሮጌው ይፈርሳል። የመጨረሻው በ2013 ነበር፣ ቀጣዩ በ2033። ጌኩ ስትደርሱ ባዶውን ቦታ እዩት፤ ጠጠር የለበሰ ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ቆማለች፣ ከሥሯ የመካከለኛው ምሰሶ ቦታ አለ።

ጣሪያውንም አስተውሉ። ጫፍ ላይ የሚሻገሩት ሁለት እንጨቶች ናይኩ ላይ አግድም፣ ጌኩ ላይ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። ጣሪያው ላይ የተጋደሙት ግንዶች ናይኩ ላይ 10፣ ጌኩ ላይ 9 ናቸው። ከቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ናይኩ ውስጥ ያለው አራማትሱሪኖሚያ የሚባል ትንሽ መቅደስ ይሻላል፤ አጥሩ ስለማይከልለው የሣር ክዳኑ ውፍረት ሳይቀር ይታያል።

የጾም ምግብ፦
አካፉኩ የሚባለው ጣፋጭ በዋናነት ሩዝ፣ ቀይ ባቄላና ስኳር ነው፤ ለጾም ይሆናል። ኢሴ ኡዶን የሚባለው ወፍራም ፓስታ ግን ሥጋ ባይኖረውም ማባያው የዓሣ መረቅ አለበት። «አትክልት ብቻ» የተባለውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ስለሆነ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ከሱቅ ኡሜቦሺ (በጨው የተቀመጠ ጎምዛዛ ፍሬ) ያለበት የሩዝ ጥቅል ያዙላቸው።

እምነትን በተመለከተ የሚጠይቃችሁ የለም፣ መግቢያም አይከፈልም። እጅ መታጠቡ፣ ሁለቴ ማጎንበሱና ሁለቴ ማጨብጨቡ የአምልኮ ሥርዓት ነው፤ ግዴታ አይደለም። ዋናው መቅደስ በር ላይ የተንጠለጠለው ነጭ መጋረጃ ፊት መሀል ላይ አትቁሙ፣ ባርኔጣ አውልቁ፣ ወደ ጎን ሆናችሁ እዩ። ከዚያ ያለፈውን የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ይሻላል።

መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶስ? ሰዓቱስ?

ጠጠር፦
ናይኩ ከደረጃው ሥር ድረስ ማንሳት ይቻላል፣ ከደረጃው በላይ ክልክል ነው፤ ጠባቂዎቹ ዝም ብለው አያልፉም። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር በር የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፣ በዚያ ወቅት የሚዘጋው ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ናይኩ ግቡ፤ ካለዚያ ናይኩ ፊት ያለውን የገበያ መንገድ ለማየት ጊዜ ያጥራችኋል።