ሥዕሎቹ በሦስት ቦታ ተበትነዋል፤ መዝገቡ እንዴት ይያዝ?

ቀለም ዘከዚራ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለ። በአክሪሊክና በዘይት ቀለም የተሠሩ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሥዕሎች አሉ። ገሚሱ ስቱዲዮ ነው፤ የቀረው ሐረር በአንድ ሆቴልና በአንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ተሰቅሏል። ትዕዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፤ ክፍያው አንዳንዴ በቴሌብር፣ አንዳንዴ በባንክ ነው። የትኛው ሥዕል የት እንዳለ፣ የትኛው እንደተከፈለበት፣ የትኛው ትዕዛዝ መቼ እንደሚያልቅ በአንድ ቦታ ማየት ነው የፈለግኩት። ያለው ስልክና ደብተር ብቻ ነው። ከምን ይጀመራል? የሆቴሉንስ ኮሚሽን እንዴት ነው የምታስሉት?

የጁገል ብሩሽ
አቦ፣ ከቁጥር ጀምር። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ሥራው አልቆ ፊርማህ ባረፈበት ቀን ቁጥር ስጠው፦ ዓመቱና ተራው። 2018-07 ማለት በ2018 ያለቀ ሰባተኛ ሥራ ነው። ቢሸጥም፣ ቢመለስም፣ ዋጋው ቢቀየርም ቁጥሩ አይነካም፤ ለሌላ ሥዕልም አይሰጥም። ዓመታቸው የተረሳ የድሮ ሥራዎች ካሉ በግምት አትሙላ፤ 00-01፣ 00-02 እያልክ ቀጥል።

ቁጥሩን ፍሬሙ ላይ አትጻፍ፤ ገዢው ፍሬም የቀየረ ዕለት ቁጥሩም አብሮ ይጣላል። ሸራው ጀርባ ላይም በማርከር አይሆንም፣ ቀለሙ ሰርጎ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል፤ እስክሪብቶም ከተጫኑት መስመሩ ከፊት ይታያል። ቦታው ሸራው የተወጠረበት እንጨት ነው፣ የላይኛው ጠርዝ፣ በእርሳስ። ቁጥር፣ ርዕስ፣ መጠን፣ የቀለሙ ዓይነት። መጠን ስትጽፍ ሁልጊዜ ቁመት ይቅደም። አንዴ ቁመቱን አንዴ ወርዱን ካስቀደምክ፣ ገዢው ግድግዳውን ለክቶ ያዘጋጀው ቦታ ላይ ሥዕሉ አይገባለትም።

ከዚያ ትልቁን ደብተር ገልጠህ ትይዩ ሁለቱን ገጽ እንደ አንድ ተጠቀምባቸው። በግራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ መጠን፣ ያለቀበት ቀን፣ የማቴሪያል ወጪ፣ የመሸጫ ዋጋ። በቀኝ ያለበት ቦታ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የተሸጠበት ቀን፣ የገዢ ስም፣ የገባ ገንዘብ። “ያለበት ቦታ” በእርሳስ ይሁን፣ ይቀያየራል፤ ሌላው በእስክሪብቶ።

ለፎቶው ቴሌግራም ላይ አንተ ብቻ ያለህበት የግል ቻናል ክፈት። እያንዳንዱን ሥራ ከነቁጥሩ ለጥፍ፣ ስትፈልገው ቁጥሩን መጻፍ ነው። ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቅና ለኅትመት አይበቃም። ድሬ ላይ ፎቶ የሚነሳው በጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ የዘይት ቀለሙን ያንጸባርቀዋል። አካውንቱ ከሲም ካርድህ ጋር የታሰረ ስለሆነ በየወሩ አውርደህ ፍላሽ ላይ ገልብጠው።

አሁን ሆቴሉ። ሥዕል ያለ ርክክብ ቅጽ ከስቱዲዮ አይወጣም። ቅጹ በሁለት ኮፒ ነው፣ አንዱ እነሱ ዘንድ አንዱ አንተ ዘንድ ይቀመጣል። የሚጻፈው፦ የየሥዕሉ ቁጥርና ዋጋ፣ የኮሚሽኑ መቶኛ፣ የሚቆይበት ጊዜ (ሦስት ወር በቂ ነው)፣ ከተሸጠ በስንት ቀን እንደሚከፈልህ፣ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል። “ሥዕሎቹ እስኪሸጡ ድረስ የሰዓሊው ንብረት ናቸው” የሚል ዓረፍተ ነገር አይቅር። ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ በተጨማሪ የሆቴሉ ማኅተም ይረፍበት። ሥራ አስኪያጅ ይቀያየራል፤ አዲሱ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ የሆቴሉ ዕቃ አድርጎ ነው የሚረከበው። በወር አንዴ ሄደህ ቅጹን ይዘህ ቁጠር። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው።

ኮሚሽኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጅህ 8,400 እንዲገባ ፈልገህ ሆቴሉ 30 በመቶ የሚወስድ ከሆነ፣ 8,400 ላይ 30 በመቶ መጨመር አይሠራም። 10,920 ይሆናል፤ ሆቴሉ ከዚህ 3,276 ሲያነሳ ላንተ 7,644 ይቀራል፣ 756 ብር ጎደለ። ለ0.7 አካፍል፦ 12,000። ሆቴሉ 3,600፣ አንተ 8,400። ስቱዲዮ ለሚመጣ ሰውም ዋጋው ያው 12,000 ይሁን። በጓሮ በር በ9,000 ከሸጥክ ወሬው ሆቴሉ ጋ መድረሱ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳ የሚሰጥህ የለም።

ሒሳብ ያዥዋ
ከላይ ያለውን እስማማለሁ፤ ገንዘቡ ላይ ልጨምር።

የሥዕሉን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ለይ። ለሽያጭ ብቻ የሚሆን አንድ የባንክ ሒሳብ ክፈት፤ በቴሌብር የገባውንም በየሳምንቱ ወደዚያ አዛውር። ገዢው ሲከፍል ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የሥዕሉን ቁጥር እንዲጽፍ ንገረው። ይህን ካላደረግህ ወር ላይ 12,000 ብር ሁለት ጊዜ ገብቶ ታያለህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም።

ወረቀቱን በሦስት ክላሰር ያዝ፦ ሽያጭ፣ ግዢ፣ ቅድመ ግብር። ሦስተኛውን ሰዓሊዎች ይረሱታል። መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ሥዕል ሲገዛ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ ሊያስቀር ይችላል። የተቀነሰው ገንዘብ አልጠፋም፣ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርህ ላይ ይታሰብልሃል፤ የሚታሰበው ግን ደረሰኙ በእጅህ ካለ ነው። ስለዚህ ቼኩን ስትቀበል እሱንም በዚያው ተቀበል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለህ የሚቀነሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ አስቀድመህ አውጣ።

የቀለምና የሸራ መግዣ ደረሰኝ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ ከሆነ በገዛህበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርገው። ያ ወረቀት ሙቀት አይወድም፤ ድሬ ላይ መኪና ውስጥ ከተረሳ ይጠቁራል፣ መሳቢያ ውስጥም በወራት ይደበዝዛል። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ቆጠራህንም ያኔ አድርግ። በየቦታው ያለው ሥዕል ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር።

የማቴሪያል ወጪ ሲጻፍ ቁራጩም ይታሰብ። ለ70 በ100 ሥዕል በየጎኑ 5 ሳንቲም መጠቅለያ ሲጨመር 80 በ110 ሸራ ይሄዳል። ጥቅሉ 150 ወርድ ካለው፣ 110ን በወርዱ ስትቆርጥ 40 በ80 ይተርፋል። እሱ ለአንድ 30 በ70 ልክ ነው፤ ከወጪውም ድርሻውን ይውሰድ።

ፍሬም ሠሪ፣ መጋላ
ልጆች፣ መዝገቡ ጥሩ ሆኖ ሥዕሉ ከተበላሸ ምን ዋጋ አለው። ድሬ ላይ አክሪሊክ በሙቀት ይለሰልሳል። ፊት ለፊት አታጣብቁ፤ ባለ አረፋውን ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ ካደረጋችሁ አረፋው ክብ ክቡን አትሞበት ይቀራል። መጀመሪያ ለኬክ መጋገሪያ የሚሆነው የማይጣበቅ ወረቀት፣ ከዚያ ካርቶን፣ ፕላስቲኩ ከውጭ፣ አረፋው ወደ ውጭ።

አቁማችሁ እንደ መጽሐፍ ደርድሩ፣ በቁጥር ቅደም ተከተል፣ በመሃላቸው ካርቶን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ላይ አይሆንም። ከወለሉም 20 ሳንቲም ከፍ ያለ የእንጨት መደርደሪያ ይሠራ። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ክረምት ያደረገውን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፤ ከወንዙ ራቅ ያለ ቤት ውስጥም ክረምት ላይ ውኃ በበር ይገባል።

ወደ ሐረር ስትልኩ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ገመዱ ሸራውን ይጫነዋል። ከፊትም ከኋላም ኮምፔርሳቶ አድርጉ። የዘይት ቀለም ደግሞ ሲነካ ደረቀ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ወፈር ያለ ሥዕል ቫርኒሽ ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል። ለትዕዛዝ ቀን ስትሰጡ ይህን አስቡት።

ቀለም ዘከዚራ
ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ዛሬ ጀምሬያለሁ። አንድ የቀረኝ ትዕዛዙ ነው፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣው።

ስፌት ከሐረር
ትዕዛዝን ሌሎች ይመልሱ። እኔ የሣር ስፌት ለምንሠራ ልበል፦ ቁጥሩን በትንሽ ካርቶን ጽፎ ከሥር በኩል በክር ማሰር ነው፤ ሙጫ ሣሩ ላይ እድፍ ይተዋል። የተሸጠበትን ብቻ ሳይሆን የፈጀውን ቀንም ጻፉ፤ ያለዚያ ትልቁን በትንሹ ዋጋ ትሸጡታላችሁ። መደብር መስኮት ላይ የተቀመጠውን በየሁለት ሳምንቱ አዙሩት፣ በአንድ ጎን ቀለሙ ይለቃል።

የጁገል ብሩሽ
ትዕዛዝ ለብቻው ደብተር ይኑረው፣ ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ገጽ። ቀብድ 50 በመቶ ሳይገባ ሸራ አይወጠርም። ንድፉን በእርሳስ ሠርተህ ላክ፤ ሁለት ጊዜ ማስተካከል በዋጋው ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ ያስከፍላል ብለህ መጀመሪያውኑ ጻፍ። ቀለም ከተጀመረ በኋላ ንድፍ አይቀየርም። ቀሪው 50 በመቶ ያለቀውን ሥራ ፎቶ ሲያይ ይከፈላል፣ ከዚያ ይታሸጋል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። “ጥቅምት 10” ስትለው ውጭ ያለው ሰው ኦክቶበር 10 ብሎ ይይዘዋል፣ በእነሱ ግን ኦክቶበር 20 ነው። ለስልክ ቀጠሮም “ከጠዋቱ 2 ሰዓት” ብቻ አትበል፣ በእነሱ አቆጣጠር የኢትዮጵያ 8 ሰዓት መሆኑን ጨምርበት።

ደብተሩ መጀመሪያ ላይ የዓመቱን የገበያ ቀናት አስፍር። ቁልቢ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፣ አይነቃነቅም። ሸዋል ኢድ (ሐረር ላይ ከረመዳን በኋላ የሚከበረው በዓል) ግን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል፣ አምና የጻፍከው ዘንድሮ አይሠራም። በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፣ ከውጭ የሚመጣውም ሰው ያኔ ይበዛል። ከሁለቱም በፊት ሦስት ሳምንት አዲስ ትዕዛዝ አትቀበል፤ እጅህ ላይ ያለውን ጨርሰህ ግድግዳውን ሙላ።

ይዞት ለሚሄድ ገዢ ደረሰኙ ላይ “ዘመናዊ ሥራ” ብለህ ቁጥሩን፣ ስምህንና የተሠራበትን ዓመት ጻፍለት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በተለይ ብራና ላይ የተሳለ ከሆነ አሮጌ ስለሚመስል አየር ማረፊያ ላይ መጠየቁ አይቀርም።