አዲስ ጌም ማሽን ለምን አልሸጥ አለ? ዋጋው ነው ወይስ ጨዋታው?

አስተባባሪ፦
ሰላም የሀዋሳ ጌመሮች። የዛሬው ክርክር ከፒያሳ የመጣ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ወንድማችን "አዲስ ፒኤስ 5 (የሶኒ ፕሌይስቴሽን 5) አስገብቼ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው፣ ሰው ይገባል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ እመለሳለሁ ብሎ ይወጣል" ብሎ ጽፎ ነበር። ግማሹ ሰው ዋጋው ነው አለ። ግማሹ ደግሞ ዋጋው ሰበብ ነው፣ ያልተገዛው ስላላስፈለገ ነው አለ። ነገሩ ተጋግሎ ስድብ ውስጥ ገባ። እስቲ በሥርዓት እንየው። አዲስ ጌም ማሽን ገበያ የሚከብደው ለምንድነው? እኛ ጋ ብቻ ነው ወይስ የትም እንደዚሁ ነው? የአርሰናልና የማንዩናይትድ ጉዳይ እዚህ አይነሳም፣ ያነሳ ይወጣል።

የፒያሳው፦
ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፣ እኔው ልጀምር። ዶላር ነው። ሌላ ፍልስፍና የለውም። ፒኤስ 5 በፈረንጆች 2020 ኖቬምበር ላይ ሲወጣ 500 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ ከ40 ብር በታች ስለነበር 20,000 ብር እንኳን አይሞላም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ከ57 ብር ተነስቶ በቀናት ውስጥ 100ን አለፈ። አሁን በ150 ብር አስሉት፣ 500 ዶላር 75,000 ብር ነው። ቀረጡ፣ ማጓጓዣው፣ የሱቅ ኪራዩ፣ የእኔም እንጀራ ገና አልተነካም። ደሞ ድሮ ማሽን እያረጀ ሲሄድ ይረክስ ነበር። ፒኤስ 2 አሜሪካ ውስጥ በ300 ዶላር ጀምሮ በፈረንጆች 2009 100 ዶላር ገባ። ይሄኛው ጭራሽ ጨመረ፣ 2025 ኦገስት ላይ እዛው አሜሪካ 550 አደረጉት። "ትንሽ ልጠብቅ፣ ይረክሳል" የሚለኝን ደንበኛ ምን ልበለው?

ጌም ቤት አቶቴ፦
ወንድሜ ዋጋው ውድ ነው፣ አልክድህም። ግን በግማሽ ዋጋ ብትሰጠኝስ ምን ላድርግበት? እኔ ቤት የሚመጣው ልጅ የሚከፍለው በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ያ ልጅ ፒኤስ 4 ላይ ተሸንፎ የሚከፍለውና ፒኤስ 5 ላይ ተሸንፎ የሚከፍለው አንድ ነው። ልጨምር ብል ሁለት በር አልፎ ያለው ጌም ቤት ይገባሉ። አዲስ ባጃጅ ስለገዛህ ታሪፉ አይጨመርልህም አይደል? እንደዛ ነው።

የታቦር ልጅ፦
ልክ ነው። ደሞ እኛ የምንጫወተው ኳስ ነው። ከኳስ ሌላ ምን ተጫውተን እናውቃለን? ድሮ ፔስ ነበር፣ አሁን ኤፍሲ ነው፣ ስሙን ቀየሩት እንጂ ያው ፊፋ ነው። ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ታዲያ ለምን ልቀይር? ሣሩ ትንሽ አምሮ፣ የሃላንድ ፀጉር ትንሽ ተወዛውዞ ለመታየት 75,000?

ዋናው ግቢ፦
እኔ ከዋጋው ቡድን አይደለሁም። የፒያሳው "ዶላር ነው" ሲል እኛን ብቻ ነው ያየው። ሶኒ ራሱ 2024 ሜይ ላይ ባወጣው መረጃ በወር ፒኤስ 5 የሚጫወተው 49 ሚሊዮን፣ ፒኤስ 4 የሚጫወተውም 49 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። አዲሱ ከወጣ ሦስት ዓመት ተኩል አልፎት ማለት ነው። አብዛኛው እንግዲህ በዶላርና በዩሮ የሚከፈለው ሰው ነው፣ ብር አልወደቀበትም። ግን ግማሹ አሮጌው ላይ ቁጭ ብሏል። ለምን? የታቦር ልጅ የተናገረው ነው። ጨዋታው አሮጌው ላይም አለ።

ሌላ ልጨምር። የኒንቴንዶ ኩባንያ ማሽን ዊ ዩ 2012 ላይ በ300 ዶላር ወጣ። ርካሽ ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ ዊ ዩ ግን እስኪቆም ድረስ 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ። ብዙ ሰው የድሮው ዊ ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር፣ ስክሪን ያለው ጆይስቲክ ብቻ የሚሸጡ መስሎት። ሌሎች ኩባንያዎችም ጨዋታ መሥራቱን ቶሎ ተዉት። በተቃራኒው የዚሁ ኒንቴንዶ ስዊች 2 በ2025 በ450 ዶላር ወጣ፣ ከመጀመሪያው ስዊች በ150 ዶላር ይበልጣል፣ ግን በአራት ቀን 3.5 ሚሊዮን ሸጠ። ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ በተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

የፒያሳው፦
አንተ ልጅ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ አለህ መሰለኝ 😂 እኔም ታሪክ አውቃለሁ። ፒኤስ 3 በፈረንጆች 2006 ሲወጣ ትልቁ 600 ዶላር ነበር፣ ብሉሬይ የሚባል የፊልም ዲስክ ማጫወቻ ከተቱበትና አስወደዱት። ዓመታት ተንፏቀቀ። መቼ ነቃ? 2009 ላይ ቀጭኑን በ300 ዶላር ሲያወጡት። ያው ፒኤስ 3 እኮ ነው! የኒንቴንዶው በእጅ የሚያዘው ማሽን 3ዲኤስስ? 2011 ላይ በ250 ዶላር ወጥቶ ገበያ እንቢ ሲለው በግማሽ ዓመት ውስጥ 170 አወረዱት። የኩባንያው ፕሬዝዳንት ኢዋታ የራሱን ደሞዝ በግማሽ ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ተሸጠ። ዋጋ ምንም አያደርግም ካልክ ሰውዬው ደሞዙን ምን አስቆረጠው?

ዋናው ግቢ፦
ምንም አያደርግም አላልኩም። ብቻውን አይበቃም ነው ያልኩት። 3ዲኤስም ቢሆን ዋጋው ሲወርድ የማሪዮ ጨዋታዎች አብረው መጡ፣ በዚያው ዓመት። ሁለቱ አንድ ላይ ስለሆነ እንጂ ጨዋታ ሳይኖር ዋጋ ብቻ አይሠራም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም ልግባ። እዚህ ሁሉም የሚያወራው ከተጫዋች ወገን ነው፣ ከፋዮቹ ደግሞ እኛ ነን። ልጆቼ ወጥረው ይዘውኛል። ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩ። የማሽኑን ዋጋ ነገሩኝ፣ ደነገጥኩ፣ ግን እሺ የሁለቱንም ዓመት በዓል ልብስ፣ ልደት፣ ሁሉንም ደምሬ በአንድ ጊዜ ልገላገል ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ሻጩ "ጨዋታው ለየብቻ ነው" አለኝ። አዲስ ጨዋታ 70 ዶላር! በፒያሳው ሒሳብ ከ10,000 ብር በላይ። አንዱ! ከዚያ ደግሞ በኢንተርኔት ከጓደኞቻቸው ጋ ለመጫወት በየወሩ ሌላ ክፍያ አለ አሉኝ። እኔ አንድ ዕቃ ልገዛ ነበር የሄድኩት፣ እነሱ የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው ያሳዩኝ። ልጆቹ አሁን በስልኬ ኳስ ይጫወታሉ፣ በነጻ። ባትሪዬን ይጨርሱብኛል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

የፒያሳው፦
እትዬ ያሉት እውነት ነው፣ ይሄ የእኔም ራስ ምታት ነው። ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሠሪዎቹ ከማሽኑ ብዙም አያተርፉም፣ አንዳንዴ ይከስራሉ። 2021 ላይ ጌም ሠሪው ኤፒክና አፕል ፍርድ ቤት ሲካሰሱ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ቀርባ ኤክስቦክስን የምንሸጠው በኪሳራ ነው ብላ መስክራለች። ትርፉ በኋላ ከጨዋታውና ከወርሃዊ ክፍያው ነው የሚመጣው። እዚያ አገር ይሠራል። እኛ ጋ ግን ፒኤስኤን በሚባለው የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አካውንት ስትከፍቱ ኢትዮጵያ የሚል አገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ልጆቹ አሜሪካ ወይ እንግሊዝ እንደሚኖሩ አድርገው ይከፍታሉ፣ ከዚያ የስጦታ ካርድ ከቴሌግራም ነጋዴ በእጥፍ ገደማ ይገዛሉ። ማሽኑን እሸጥልሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሱቅ ግን ለእኛ አልከፈቱትም።

የታቦር ልጅ፦
በመጨረሻ ወደ እውነቱ መጣህ! ፒኤስ 2 ሀዋሳን የሞላው ለምን ይመስላችኋል? የተቀዳ ሲዲ ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቅ ዳር ጌም ቤት ያልነበረበት ሰፈር የለም፣ ጆተኒውን ከቤት አስወጥቶት። ፒኤስ 3ም እንዲሁ፣ መቆለፊያው ተሰብሮ የተቀዳ ጨዋታ በሃርድ ዲስክ ይጫናል፣ ሃያ ሠላሳ ጨዋታ ከነማሽኑ ትወስዳለህ። ማንም ለጨዋታ ከፍሎ አያውቅም። አዲሱ ይሄን አይፈቅድም፣ ስለዚህ ለእኛ በዋጋውም በባህሪውም ሌላ ዕቃ ነው።

መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ያ የምትናፍቁት ዘመን ሌላው ሰው ዓመታት የለፋበትን ሥራ በነጻ የወሰድንበት ነው። ይሄን እየደበቃችሁ "ገበያው ተበላሸ" አትበሉ።

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ ትክክል ነዎት። ግን ልግዛ ብል ማን ይሸጥልኝ ነበር?

መምህር፦
ሻጭ አለመኖሩ መውሰድን አይፈቅድልህም። ብቻ ይሄ ሌላ ክርክር ነው፣ ትቼዋለሁ።

ከሐይቅ ዳር፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ኢንተርኔት። ሲዲ ገዝታችሁም ማሽኑ ውስጥ ስትከቱት ማሻሻያ አውርድ ይላችኋል። አንዳንዱ ጨዋታ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። በሞባይል ፓኬጅ 100 ጊጋ ሞክሩትና ንገሩኝ። መሃል ላይ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ከፈረንጆች 2013 ጀምሮ ሠሪዎቹ የሚያስቡት ኢንተርኔት ሁሌ ያለው ቤት ነው። ያኔ ኤክስቦክስ ዋን ሲተዋወቅ በቀን አንዴ ካልተገናኘ አይሠራም፣ ያገለገለ ሲዲ ላይም ገደብ አለ ብለው ነበር፣ ሰው ሲጮህባቸው ሳይወጣ ተዉት። ግን ስሙ ተበላሽቶ ቀረ፣ ፒኤስ 4 ደግሞ በ100 ዶላር ይረክስ ስለነበር ገበያውን ወሰደው። አሁን ቀስ ብለው መልሰው እያመጡት ነው። የተሻሻለው ፒኤስ 5 ፕሮ 2024 ላይ በ700 ዶላር ሲወጣ ሲዲ ማጫወቻ እንኳን አልነበረውም፣ ለብቻው ግዛ ነው። ሲዲ ከሌለ መዋዋስ የለም፣ ተጫውተህ ስትጨርስ መሸጥ የለም። እኛ ደግሞ ያለ መዋዋስ ምን ተጫውተን እናውቃለን?

ጌም ቤት አቶቴ፦
አሁን የእኔን ቤት ልናገር፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ስለ ቤት ገዢ ታወራላችሁ፣ እዚህ ከተማ ግን ማሽን በብዛት የሚገዛው እኔን የመሰለ ነው። እኔ የማሽን ችግር የለብኝም። ማሽኑ አይሞትም። በየሦስት ወሩ ከፍቼ አቧራውን አራግፌ፣ ሙቀት የሚያስወጣውን ፓስታ ቀይሬ፣ ይቀጥላል። የሚገለኝ ጆይስቲክ ነው። መጥታችሁ እዩት። የግራው አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ላይ ያለው ጎማ በአውራ ጣት ተበልቶ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ላስቲክ ክብ አድርጌ ቆርጬ በሱፐር ግሉ ለጥፌበታለሁ። ኤክስና አር1 የሚባሉት ቁልፎች ደግሞ ጎል በገባ ቁጥር ይደበደባሉ። አንዱ አናሎጉ ብቻውን ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ልጆቹ ያውቁታል፣ እንግዳ ሰው ሲመጣ እሱን ነው የሚሰጡት። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ቢያንስ ቻይና ሠራሽ አስመሳይ አለው፣ ይጠገናል፣ ከሞተው ወደዳነው ዕቃ ይቀያየራል። የፒኤስ 5ቱ ግን ውድ ነው፣ ኦሪጅናሉን ገዝቼ ለዚያ ሰፈር ልጅ እጅ አልሰጥም።

ዋናው ግቢ፦
እሺ ይሄን ሁሉ ተቀብዬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ጂቲኤ 5 የሚባለው የወንበዴዎች ጨዋታ በፈረንጆች 2013 ለፒኤስ 3 ወጣ፣ ከዚያ ለ4፣ ከዚያ ለ5። አንድ ጨዋታ ሦስት ማሽን ላይ! ሠሪዎቹ ራሳቸው ሰው አዲሱን እንዲገዛ ምክንያት አልሰጡትም። ጂቲኤ 6 ግን የተባለው ለፒኤስ 5ና ለአዲሱ ኤክስቦክስ ብቻ ነው። ለ4 የለም። ያን ቀን የፒያሳው መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፣ በ75,000ም በ90,000ም። ያኔ ዋጋ ሳይሆን ጨዋታ እንደሆነ ታምናላችሁ።

የፒያሳው፦
አፍህን ቁርጥማት አይንካው 😂 ያኔ እኔም ዋጋ እጨምራለሁ።

ጌም ቤት አቶቴ፦
ለእናንተ ይሁን። ለእኔ ጂቲኤ ሞት ነው። ጂቲኤ ውስጥ ማን ተሸንፎ ነው የሚከፍለኝ?

ከሐይቅ ዳር፦
በሰዓት ታስከፍላለሃ።

ጌም ቤት አቶቴ፦
ሞክሬዋለሁ፣ በ5ኛው። አንድ ልጅ ይቀመጣል፣ መኪና ይሰርቃል፣ ከፖሊስ ይሸሻል፣ አንዱን ቲቪ ሰዓቱን ሙሉ ይይዛል። ኳስ ሲሆን ግን ሁለት ይጫወታሉ፣ አራት ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፣ ሲቆሙ ለስላሳ ይጠጣሉ፣ ይወራረዳሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ከመንገድ ሌላ ሰው ድምፁን ሰምቶ ይገባል። ገቢው ከዚያ ነው። የፈለገ ያማረ ጨዋታ ይሁን፣ ብቻውን የሚጫወት ልጅ ቤቴን አያሞቀውም። ስለዚህ ዋናው ግቢ፣ ጨዋታ ነው ስትል ልክ ነህ፣ ግን ለእኔ አዲስ ማሽን የሚያስገዛኝ ለአሮጌው የማይወጣ የኳስ ጨዋታ ነው። ኤፍሲ ለፒኤስ 4 አልወጣም ያሉ ዕለት የፒያሳው ሱቅ በር ላይ አድራለሁ፣ ብድርም ቢሆን። እስከዚያ አልገዛም።

የፒያሳው፦
ያን ቀን ስትመጣ ለአንተ ቅናሽ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ደግሞ እስከዚያ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ እሰየው ነው።

አስተባባሪ፦
ክርክሩ ክፍት ነው፣ ድምፅ መስጫውን ከላይ ሰክቼዋለሁ። ዋጋ፣ ጨዋታ፣ ኢንተርኔት። "ሁሉም" የሚል ምርጫ አላስገባሁም፣ ሁላችሁም እሱን ስለምትመርጡ።

ጌም ቤት አቶቴ፦
አስተባባሪ ይቅርታ፣ ከርዕስ ውጪ ናት። ያገለገለ ፒኤስ 4 ስሊም የሚሸጥ ካለ በውስጥ ያናግረኝ። ሁለት እፈልጋለሁ። ጆይስቲክ ባይኖረውም ችግር የለም።

የፒያሳው፦
አለኝ። ና ነገ።