ለአባ ሰንጋ ክትባት አለ፣ ለመዥገር በሽታ ለምን የለም?

የጂማው
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ግንቦት ከሆለታ ሁለት ዲቃላ ጊደሮች ገዝቼ ጂማ አቅራቢያ ወዳለው ቦታዬ አመጣሁ። ወር ሳይሞላቸው አንዷ መብላት አቆመች፣ ጆሮዋ እሳት ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ሽንቷ የተፈላ ቡና መሰለ። ሐኪም እስኪደርስ ሞተች። ሁለተኛዋን የገንዲ (የቆላ ዝንብ በሽታ) መድኃኒት ወግተዋት ተረፈች። የሚያበግነኝ የጎረቤቴ የሐበሻ ላሞች ናቸው። እዛው ሜዳ ይግጣሉ፣ ጡታቸው ሥር መዥገር እንደ ባቄላ ተንጠልጥሏል፣ ምንም አይሆኑም! ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ እናስከትባለን፣ ለዚህስ? አንድ ነጋዴ «ኬንያ አለ፣ በሞያሌ አስመጣልሃለሁ» ብሎኛል። ልመነው?

ሐኪሙ
እግዜር ይተካልህ ወንድሜ። የሞያሌውን ነገር ተወው፣ እሱ የሌላ በሽታ ክትባት ነው። ያንተ ባቤዥያ ይመስላል፣ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም ተውሳክ፣ ደሟን ሳላይ ግን አልምልም። ተውሳኩ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባና ሴሉን ያፈነዳዋል፣ የፈሰሰው ቀለም በሽንት ይወጣል። ቡና ያስመሰለው እሱ ነው። የገንዲ መድኃኒት የተወጋችውም ገንዲ ስላለባት አይደለም፣ መድኃኒቱ፣ ዲሚናዚን የሚባለው፣ ለሁለቱም ስለሚሠራ ነው። ደግሞ ያ ባቄላ የሚያክለው መዥገር ላይሆን ይችላል ያስያዛት። ባቤዥያን የምታስተላልፈው ትንሿ ናት፣ ፀጉር ውስጥ በእጅህ ካልዳበስክ አታያትም።

የጎረቤትህ ላሞች ደግሞ ተከትበዋል፣ በመዥገሯ! ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባቤዥያን በተፈጥሮ ይቋቋማል። በዛ ዕድሜው ሲነከስ ትንሽ ያተኩሰውና ያልፋል፣ ሰውነቱ ግን ጠላቱን አወቀ። ያንተዎቹ መዥገር በማይበዛበት ደጋ አድገው፣ ትልቅ ሆነው፣ የፈረንጅ ደም ይዘው፣ በአንድ ቀን መሀሉ ገቡ።

ናይሮቢ ነኝ
የኬንያውን እኔ ላስረዳ፣ እዚህ ስለምኖር። ሙጉጋ ኮክቴል ይባላል፣ ከናይሮቢ ወጣ ብላ ባለች ሙጉጋ በምትባል ቦታ ስም። የሚከላከለው ኢስት ኮስት ፊቨር የሚባለውን በሽታ ነው፣ ቡናማ የጆሮ መዥገር የሚያስተላልፈውን። ክትባት ሲባል ብልቃጥ ውስጥ ያለ የሞተ ነገር እንዳይመስልህ። በተውሳኩ የተያዙ መዥገሮች ተፈጭተው፣ ሦስት ዓይነት ዝርያ ተቀላቅሎ፣ አዳቃዩ የኮርማ ዘር በሚይዝበት ዓይነት የናይትሮጅን ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። ላሟ በሽታውን በሕይወቱ ትወጋለች፣ እዛው ቆማ ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ትወጋለች። በሽታው ሳይጠናባት ሰውነቷ ይማራል። የተከተቡ ከብቶች ተውሳኩን ተሸክመው ሊቆዩ ስለሚችሉ በኮንትሮባንድ ማስገባቱ ላንተ አይጠቅም፣ ለአገርም ጣጣ ነው።

ሐኪሙ
ይሄን ሁሉ መከራ የሚያሳየው ለምን መሰላችሁ? ያ የኬንያው በሽታ ተውሳክ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሴሉን እንደ ካንሰር ያራባዋል። ውስጥ ከተደበቀ አንቲቦዲ፣ ደም ውስጥ የሚዞረው የሰውነት መከላከያ፣ አያገኘውም። የተያዘውን ሴል አድኖ የሚገድል ቲ ሴል ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ በደንብ የሚቀሰቅሰው ሕያው ተውሳክ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ እንደ ልብ ይበቅላል፣ ቢሾፍቱም ክትባቱ ይመረታል። ባቤዥያስ? አውስትራሊያ ውስጥ ክትባቱን የሚያወጡት ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጥጆች ደም ነው። ጣፊያ ከሌለ ተውሳኩን የሚያጣራው የለም፣ በደም ውስጥ ይሞላል። ከጥጃ ወደ ጥጃ ሲያዛውሩት ይለዝባል። ቀዝቅዞ የሚጓዘው ደግሞ የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው። አሁን ይሄን ጂማ ድረስ ማን ያደርስልሃል!

ከእስራኤል
እዚህ ላም ማለቢያ ነው የምሠራው። የኛ ላሞች ለአናፕላዝማ፣ ለሌላው መዥገር ለሚያስተላልፈው የደም በሽታ፣ ክትባት ይወስዳሉ፣ እሱም ሕያው ነው። የገዳዩ የቅርብ ዘመድ፣ ግን ገር የሆነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አርኖልድ ታይለር ያገኘው ነው፣ መቶ ዓመት አለፈው። እስከዛሬ በሱ ነን 😄

ቦሌ ላይ ገበሬ
ይቅርታ፣ ከብት የለኝም፣ ግን መዥገሯን ራሷን ለምን አይከትቧትም?

ሐኪሙ
ቀልደህ ሞተሃል፣ ግን ተሠርቷል። ላሟን ቢኤም86 በሚባል የመዥገር አንጀት ፕሮቲን ትከትባታለህ። መዥገሯ ደም ስትጠጣ አንቲቦዲውንም ትጠጣለች፣ አንጀቷ ይጎዳል፣ እንቁላሏ ይቀንሳል። በ1990ዎቹ በአውስትራሊያና በኩባ ገበያ ላይ ውሎ ነበር። ችግሩ መዥገሯ ስትነክስ ያንን ፕሮቲን ለላሟ አታሳያትም፣ ስለዚህ ሰውነቷ ይረሳዋል፣ ቶሎ ቶሎ መድገም አለብህ። የተሠራውም ለአንድ ወገን መዥገር ነው። ያ ባቄላህን አይነካውም።

የጂማው
ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። አሁን የተረፈችውን ምን ላድርጋት? መዥገር የሚባል እንዳይነካት በየሳምንቱ ልርጫት?

ሐኪሙ
ባቤዥያ ከነበረ ከሞት ስለተረፈች መከላከያ ይዛለች፣ ግን ለባቤዥያ ብቻ። አናፕላዝማና የልብ ውሃ የሚባለው ሌላ የመዥገር በሽታ ገና አልነኳትም ይሆናል፣ የልብ ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከዛ ከትልቁ ነው። እሱን በርጭትም በእጅም ቀንስ። ፈጽሞ ላጥፋ ብለህ በየሳምንቱ ከረጨህና አንድ ወር መድኃኒት ካጣህ ግን መልሰህ እዛው ነህ። ጥጃ ስትወልድልህ ጥጃዋን ከመዥገር ጨርሰህ አትደብቃት፣ ትንሽ ትነከስ፣ በዓይንህ እየተከታተልካት። ጠዋት ጠዋት ሙቀቷን ለካ። ከ40 ካለፈ ለኔ ከመጻፍህ በፊት ለአካባቢህ ሐኪም ደውል፣ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ይውሰድልህ።

የጂማው
እሺ። ቴርሞሜትር ግን ከየት ነው የሚገዛው፣ የሰው ይሆናል?

ሐኪሙ
ይሆናል። ብቻ ለቤተሰቡ መልሰህ እንዳትሰጥ።