የክፍት ምንጭ ሶፍትዌራችንን ስፖንሰር ላደረገ ምን ብንሰጠው ይሻላል?

የጣና ካርታ

ሰላም ናችሁ። ከባሕር ዳር ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለኪውጂአይኤስ (ክፍት የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) የሚሆን ትንሽ ፕለጊን፣ ማለትም ተቀጥላ መሣሪያ፣ ሠርተናል። የሴንቲነል 2ን የሳተላይት ምስል ወስዶ ጣና ላይ እምቦጭ የያዘውን ቦታ ይለያል፣ ካርታ ያወጣል፣ ስፋቱንም በሄክታር ያሰላል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። ስንጀምረው ለመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። አሁን ግን ተማሪውም፣ ተመራማሪውም፣ ፕሮጀክት ያለውም ይጠቀምበታል፤ ይህ በጣም ደስ ይለናል።

ችግሩ ሥራውን የምንሠራው ማታ ማታ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስታችንም ቀን ሌላ እንጀራ አለን። ኪውጂአይኤስ አዲስ ስሪት ሲያወጣ የሆነ ነገር ይበላሻል። ባለፈው መስከረም፣ ልክ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራና እምቦጩ ሲስፋፋ፣ ፕለጊኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይሠራ ቆየ፤ ከመሐላችን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም። መልእክት የላከችልን አንዲት ተማሪ ያለ ካርታ ነው መስክ የወጣችው። ያ ነገር እስካሁን ይቆረቁረኛል።

«አግዙን» ብለን የቴሌብር ቁጥር ለጥፈን ነበር። ስድስት ሰው ላከ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን የወር ኢንተርኔት እንኳ አልሸፈነም። አሁን አንዱ ጓደኛችን «ለሚከፍል ስፖንሰር ጥቅም እንስጠው» ይላል፦ አዲስ ነገር ስንጨምር ለስድስት ወር እነሱ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ከዚያ ለሁሉም ይለቀቅ። ሌላው ደግሞ «ሳይንስ ነው፣ እንዴት በር እንዘጋለን?» ብሎ ተቆጣ። እኔ መሐል ላይ ቀርቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

ግሽ ዓባይ ሰፈር

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጓደኛህ ልክ ነው። አዲስ ሐሳብም አይደለም። ጎስትስክሪፕት የሚባለው ሶፍትዌር ለዓመታት እንዲህ ነበር የኖረው፤ አዲሱን ስሪት መነገድ በሚከለክል ፈቃድ ያወጡታል፣ ቆየት ያለውን በጂፒኤል፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያከፋፍለው በሚፈቅድ ፈቃድ፣ ይለቁታል። በቅርቡ ደግሞ ማቴሪያል ፎር ኤምኬዶክስ የሚባል የሰነድ መሥሪያ አዳዲስ ነገሮቹን ቀድሞ ለስፖንሰሮች ይሰጥ ነበር፤ የወሩ ድጋፍ ቀድሞ የተነገረው ግብ ላይ ሲደርስ ለዓለም ይከፈት ነበር። ይቺን ልብ በል። መክፈቻው ቀን አልነበረም፣ ገንዘብ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚከፍለው ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም በር እየከፈተ መሆኑን ያያል።

የ3ዲ ሥዕል መሥሪያውን ብሌንደርንም አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮዱን ክፍት ለማድረግ 100,000 ዩሮ ያስፈልግ ነበር፣ ሰው አዋጥቶ በሰባት ሳምንት ሞላ።

እቁብ በለው። የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ገዝቶ ቀድሞ ይወስዳል፣ የማንም ድርሻ ግን አይጎድልም። ተራ ነው የተሸጠው።

የውሃ ነገር

እኔ የውሃ ሀብት አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ይሄን ፕለጊን ይጠቀማሉ። እናም እባካችሁ እንዳታደርጉት።

የእቁቡ ምሳሌ ጥሩ ነበር፤ ግን እቁብ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ብሩ ያው ብር ነው። እምቦጭ አይጠብቅም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስድስት ወር ማለት ከመስከረም እስከ የካቲት ነው፣ ይህ ደግሞ አንድ ሙሉ ወቅት ነው! ደምቢያ ወይም ፎገራ ዳር ላይ የሚሠራ ሰው ካርታውን መጋቢት ላይ ቢያገኘው ምን ያደርግበታል?

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከዚህም ይብሳል። የተሻለው ስሌት ለከፈለ፣ የድሮው ላልከፈለ ከሆነ፣ ያንኑ የጎርጎራን ዳርቻ በአንድ ቀን ምስል የለኩ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ሄክታር ይዘው ይመጣሉ። ልዩነቱ ከሐይቁ ነው ከስሪቱ? ያልከፈለችው ተማሪ የሌላውን ውጤት ደግማ መፈተሽ አትችልም። ደግሞ መፈተሽ ካልተቻለ ሳይንሱ ምኑ ላይ ነው?

የአሜሪካውን ሳተላይት ላንድሳትን አስቡት። ምስሉ ይሸጥ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት አንዱ እስከ 600 ዶላር ነበር፣ እኛ አገር ማን ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማኅደሩ በነፃ ሲከፈት ነው እኛም ስለ ጣና የሠላሳ ዓመት ለውጥ ቁጭ ብለን መመልከት የቻልነው። እናንተም የምትሠሩበት የሴንቲነል ምስል በነፃ ነው የሚመጣላችሁ። በነፃ በተገኘ ምስል ላይ የቆመ ስሌት ሲዘጋ ልቤ አይቀበለውም።

ገንዘብ አያስፈልግም አላልኩም። ያስፈልጋል፣ ያውም ደሞዝ ነው የሚያስፈልገው። ጊዜያችሁን ሽጡ። ሥልጠና ስጡ፣ እኔ ራሴ ክፍሌን ለምኜ አስከፍላለሁ።

ፕሮፎርማ

የግዢ ሰው ነኝ፣ ስለ ሳተላይት አላውቅም። ግን አሥር ዓመት የፕሮጀክት ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬአለሁና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

መሥሪያ ቤት «አግዙን» ለሚል ሰው አይከፍልም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ በበጀቱ ውስጥ «እገዛ» የሚል መስመር ስለሌለው ነው። ኃላፊው ፕለጊናችሁን ቢወደው እንኳ በምን ያወራርደው? «ሥልጠና» ግን መስመር አለው። «ዓመታዊ የድጋፍ አገልግሎት» መስመር አለው። ስለዚህ ለስፖንሰር የምትሰጡት ጥቅም ሌላ ምንም ባይሆን ኃላፊው ለኦዲተር የሚያሳየው ነገር መሆን አለበት፦ ስንት ቀን ሥልጠና፣ ለስንት ሰው፣ ጥያቄ ሲመጣ በስንት ቀን መልስ፣ በዓመት ስንት ብር። ቲን ቁጥር ይኑራችሁ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ስለ ግብሩም ቀድማችሁ ሒሳብ አዋቂ ጠይቁ። ጊዜውንም ጠብቁ፤ በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ግንቦት ላይ ያልተጠቀሙበት ብር ይዘው የሚጨነቁ ክፍሎች አሉ።

ሦስታችሁ በግላችሁ ከሆናችሁ ይከብዳል። ተደራጁ።

ኮድ ጸሐፊ

ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ኪውጂአይኤስ በጂፒኤል ፈቃድ ነው ያለው፣ ዋናው የፕለጊን ማከማቻም የሚቀበለው ከዚያ ጋር የሚስማማ ፈቃድ ያለውን ነው። በጂፒኤል ማስከፈል ይቻላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግን የገዛው ሰው ኮዱን ለሌላ የመስጠት ሙሉ መብት አለው። አንድ ስፖንሰር በማግሥቱ ለጎረቤቱ ቢሰጠው ልትከለክሉት አትችሉም። ስለዚህ የስድስት ወሩ ቁልፍ በይሉኝታ ብቻ የሚዘጋ ነው።

ራሱ ኪውጂአይኤስ እንዴት እንደሚያደርግ እዩ። በየዓመቱ የሚከፍሉ ደጋፊ አባላት አሉት፣ ሎጎአቸው በክፍያቸው መጠን ገጹ ላይ ይወጣል። የሚያወርዱት ሶፍትዌር ግን ተማሪው የሚያወርደው ያው ነው። ሎጎ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለፕሮጀክት ሪፖርት ግን ፎቶ አንስተው የሚያስገቡት እሱን ነው።

እና ቶሎ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ። ነምፓይን (በፓይተን ቋንቋ ቁጥር ማስያ የሆነ ክፍት ሶፍትዌር) የማይጠቀም ሳይንቲስት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው የጠፈሩ ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) ምስል ሲሠራም ነበረበት። የመጀመሪያው ስሪቱ የወጣው በ2006 ነው፤ ትልቅ ድጎማ ያገኘው ግን በ2017 ነው፣ ከሙር ፋውንዴሽን 645,000 ዶላር። እስከዚያ ድረስ ሸክሙ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነበር።

ግሽ ዓባይ ሰፈር

የጂፒኤሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ እውነት ነው። ስለ ወቅቱም እህቴ ያለችው ያሳምናል፤ ስሌቱን አትንኩት። ግን ሁሉን ነገር በነፃ ለቃችሁ ሥልጠና ብቻ ብትሸጡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሠልጣኝ ሆናችሁ ኮዱን ማን ይጽፈዋል? አሁንም የምቾት ነገሮች አሉ እላለሁ። ወርሃዊ ሪፖርቱን በራሱ አዘጋጅቶ የሚያትም፣ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተምና ስም የሚያስገባ። እሱ ለስፖንሰር ቢቀድም ማንም ሳይንስ አይጎዳም።

የጣና ካርታ

በጣም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሦስታችንም ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እየደጋገምን አነበብነው።

እዚህ ደርሰናል። ስሌቱና የስህተት እርማቱ በወጣ ሰዓት ለሁሉም ነው፣ ይሄ አይነካም። ለስፖንሰር የምንሰጠው ተራና ጊዜ ነው፦ ጥያቄያቸው በሁለት ቀን ይመለሳል፣ በዓመት አንድ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ ቀጥሎ ምን ይሠራ በሚለው ላይ ድምፅ፣ ሎጎ። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ከሦስታችን አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን የተከፈለበት ሰዓት ይኖረዋል፣ ብሩ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። የሪፖርት ማተሚያው ላይ ገና አልተስማማንም፣ ቁጡው ጓደኛችን «እሱም በር ነው» ይላል። ለጊዜው አቆይተነዋል።

ፕሮፎርማ፣ ወረቀቱን ነገ ማታ እጽፈዋለሁ፤ እንደ ግዢ ሰው አንብብልኝ፣ የሚያስጥለውን መስመር ቀድመህ ንገረኝ። የውሃ ነገር፣ የመጀመሪያው ሥልጠና ላይ ሁለት ወንበር ያለ ክፍያ ለተማሪ ይዘናል። አንዱን ለዚያች ያለ ካርታ መስክ ለወጣችው ልጅ ጽፈንላታል።